ፍራተርኒቲው ሲቀየር አቋማችሁን ይዛችሁ እንዴት እንደምትቆዩ

ፍራተርኒቲ የገባሁት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ይህን ልጃቸው አሜሪካ ኮሌጅ የገባ ወላጆችም ሊያነቡት ስለሚችሉ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ፍራተርኒቲ በግሪክ ፊደላት የሚጠራ የወንድ ተማሪዎች ማህበር ነው። የሴቶቹ ሶሮሪቲ ይባላል። በየዩኒቨርሲቲው ያለው ቅርንጫፍ ደግሞ ቻፕተር ነው። ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ መዋጮ አለው። ሲገቡ ቃል ይገባል፣ ከዚያ በኋላ "ወንድሜ" መባባል ነው። እድርና የጽዋ ማህበር እያየ ላደገ ሰው ብዙም እንግዳ አይደለም።

እኔን የሳበኝ የቅዳሜ ጠዋቱ ሥራ ነበር። የእኛ ቻፕተር በየሳምንቱ ቅዳሜ እዚያው አካባቢ ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ያስጠናል። በ14 ዓመቴ ከአዲስ አበባ ስመጣ እንግሊዝኛ ማንበብ ያስተማረኝ እንደዚያ ያለ የኮሌጅ ተማሪ ስለነበር፣ ብድሬን የምመልስበት ቦታ ያገኘሁ መሰለኝ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ቅዳሜ የሚመጣው ሰው ከ20 ወደ 4 ወረደ። የቤቱ ወሬ በሙሉ ስለ ፓርቲ፣ ስለ አባል ብዛት፣ ካምፓስ ላይ ማን ይበልጣል ስለሚለው ሆነ። ማንም ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወንድሞቻችሁን ከምትወዱበት ቦታ ካልተጀመረ አይሠራም።

1. የራሳችሁን መስመር በወረቀት ጻፉ

ጸብ ሳይመጣ፣ ልባችሁ ረጋ ባለበት ቀን ጻፉት። ሁለት ዝርዝር አድርጉት። አንደኛው "ፈጽሞ የማላደርገው" ነው፤ ሁለተኛው "ባይሆን ደስ የሚለኝ" ነው። የኔ የመጀመሪያው ዝርዝር ሦስት መስመር ብቻ ነበረው። ማንንም እንዲጠጣ አላስገድድም፣ ባልተገዛ ነገር ደረሰኝ ላይ አልፈርምም፣ ሰው ሲዋረድ ቆሜ አላይም። ሁለተኛው ረጅም ነው፤ ሙዚቃው፣ የቲሸርቱ ዋጋ፣ ስብሰባው ማምሸቱ፣ ብዙ ነገር አለበት። ብዙ ሰው የሚቸገረው ሁለቱን ስለሚቀላቅል ነው። ስለ ቲሸርት እንደ ነፍስ ጉዳይ ስትከራከሩ ከርማችሁ እውነተኛው ነገር ሲመጣ የሚሰማችሁ አይኖርም። ስልክ ላይ ሳይሆን ደብተር ላይ ጻፉት፤ ስልክ ላይ የተጻፈ ነገር ለመሰረዝ ቀላል ነው።

2. መተዳደሪያ ደንቡንና ታሪኩን አንብቡ

ደንቡን ከጸሐፊው ጠይቁ፣ ይሰጣችኋል። አብዛኛው አባል አንብቦት አያውቅም፣ ያነበበ ሰው ደግሞ ስብሰባ ላይ ይሰማል።

ታሪኩ የሚጠቅመው ማህበሩ ለምን እንደተመሠረተ ስለሚነግራችሁ ነው። አልፋ ፋይ አልፋ በ1906 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ጥቂት ጥቁር ተማሪዎች ብቻቸውን በቀሩበት ግቢ እርስ በርስ ለመደጋገፍ ነበር። ኦሜጋ ሳይ ፋይ በ1911 ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ከአራቱ መርሆዎቹ አንዱ ትምህርት ነው። እዚያው ሃዋርድ በ1914 የተመሠረተው ፋይ ቤታ ሲግማ መፈክሩ ላይ አገልግሎትን አስቀምጧል። የእናንተም ማህበር እንዲህ ያለ የተጻፈ ነገር አለው። ስትከራከሩ "እኔ እንደሚመስለኝ" ከማለት "ስንገባ ቃል የገባነው ይህ ነው" ማለት ክብደት አለው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ለውጥ ሁሉ ክህደት አይደለም። በ2018 የሰሜን አሜሪካ ኢንተርፍራተርኒቲ ኮንፈረንስ አባል ፍራተርኒቲዎቹ ከ15 በመቶ በላይ አልኮል ያለበትን መጠጥ ከቤታቸው እንዲያወጡ ወሰነ፣ እስከ መስከረም 2019 ድረስም ጊዜ ሰጣቸው። ፈቃድ ያለው ሻጭ ሲያቀርብ ብቻ ነው የሚፈቀደው። የእኛ ትልልቆች "ልማዳችን ጠፋ" ብለው አዘኑ። እኔ ደግሞ ማህበሩ ወደ ቃሉ የተመለሰው ያኔ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ሲቀየር "ድሮ እንዲህ አልነበረም" ብላችሁ አትጀምሩ፣ የገባችሁትን ቃል ይነካል ወይስ አይነካም የሚለውን አስቀድሙ።

3. በጀቱንና ካላንደሩን ተመልከቱ

ንግግር አትከተሉ፣ ገንዘቡን ተከተሉ። የሁለት ሴሚስተር በጀት ጎን ለጎን አስቀምጡ። የእኛ ቤት "አገልግሎት ቅድሚያችን ነው" እያለ ለቅዳሜው ጥናት የሚወጣው ከ1,800 ዶላር ወደ 400 ወርዶ ነበር። ማንም "ጥናቱ ይቅር" ብሎ ድምፅ አልሰጠም። እየተሸረሸረ ሄደ እንጂ። ካላንደሩም ያው ነው፤ አርብ ሌሊት ፓርቲ ተደርጎ ቅዳሜ ጠዋት አስጠኚ አይገኝም። ለዚህ የተለየ ሶፍትዌር አያስፈልግም፣ ሁለት ገጽ ኤክሴል ይበቃል።

4. ስብሰባው ከመድረሱ በፊት ሰው በሰው ተነጋገሩ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ፣ እኔ የወደቅሁት እዚህ ነው።

በጀቱን ያየሁ ቀን ደሜ ፈላ። እሑድ ማታ ስብሰባ ላይ ለማንም ሳልነግር እጄን አነሳሁ፣ ተነስቼም ለአሥር ደቂቃ ያህል ተናገርኩ። ግብዞች ናችሁ አልኩ። በስም ጠርቼ የወቀስኩትም ነበር። የተናገርኩት ቁጥር ሁሉ ትክክል ነበር። ድምፅ ሲሰጥ ከ37 ሰው 5 ብቻ ደገፈኝ። ከአምስቱ አንዱ እኔ ነኝ።

ከሽንፈቱ የባሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው ሴሚስተር አዲስ ገቢዎቹን ሌሊት እየቀሰቀሱ ማንገላታት ተጀመረ። ይህንን ሳነሳ "አንተ ሁሌም ትቆጣለህ" ተባልኩ። እውነተኛው ቀን ሲመጣ የምናገርበትን አንደበት በበጀት ጉዳይ ጨርሼው ነበር። ከአዲሶቹ አንዱ የ18 ዓመት ልጅ ነበር፤ ለሁለት ሳምንት ክፍል ገብቶ እንቅልፍ ሲጥለው እያየሁ ምንም ማድረግ ያልቻልኩበት ጊዜ ዛሬም ይከነክነኛል።

ለአባቴ ስልክ ደውዬ ነገርኩት። አዲስ አበባ እያለን የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበር፣ ስንት ጭቅጭቅ አይቷል። "ልጄ፣ ስብሰባ እኮ የሚያልቀው ሳይጀመር ነው" አለኝ። "አንተ የማንንም ቤት ሳታንኳኳ ነው አዳራሽ የገባኸው።" እሱ እንደሚለው በእድር ውስጥ ከባድ ነገር ሲመጣ ሽማግሌው መጀመሪያ ቤት ለቤት ይዞራል፣ ቡና ይጠጣል፣ ያዳምጣል፣ ሰብሳቢውንም በሰው ፊት አያሳፍርም።

በቀጣዩ ሴሚስተር እንዲያ አደረግሁ። እናንተም እንዲህ አድርጉ፦

መጀመሪያ ሊስማሙ የሚችሉ ሦስት አራት ሰዎች ምረጡ። ብዙ ጊዜ እነዚህ ዝም የሚሉት ናቸው። ለየብቻቸው ምሳ ብሉ። የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ ጠይቁ እንጂ አትናገሩ። "አንተስ ለምን ነበር የገባኸው?" የሚለው ጥያቄ የሠራውን ያህል ሌላ ምንም አልሠራልኝም። አንዱ ልጅ እናቱ ስለሞተችበት ወንድም ፈልጎ እንደገባ ነገረኝ፤ ሁለት ዓመት አብረን ኖረን አላውቅም ነበር።

ከዚያ የሚቃወሟችሁ ጋ ሂዱ። ይህ ያስፈራል፣ ግን አይዘለልም። የማህበራዊ ዝግጅት ኃላፊያችን ቅዳሜን የሚጠላ ይመስለኝ ነበር። ቁጭ ብለን ስናወራ ጭንቀቱ ሌላ ሆኖ ተገኘ። አዲስ አባል ካልመጣ የቤቱን ኪራይ መክፈል አንችልም ነው የሚለው። ትክክል ነው። የእኔ ሐሳብ ለዚህ መልስ አልነበረውምና መልስ እንዲኖረው አድርጌ ቀየርኩት።

በመጨረሻ ሰብሳቢውን ስብሰባው ሦስት ቀን ሲቀረው አግኙት። የምታነሱትን ቃል በቃል ንገሩት። ድንገት በሰው ፊት የሰማ መሪ ይከላከላል፣ ቀድሞ የሰማ ግን ያስባል።

ግሩፕሚ ላይ፣ ማለትም አባላቱ በስልክ በቡድን በሚጻጻፉበት መተግበሪያ ላይ፣ ምንም አትጻፉ። የሁሉም ቻፕተር ጸብ የሚቀጣጠለው እዚያ ነው፤ የድምፅ ቃና የለውም፣ ስክሪን ሾት ተነስቶ በአንድ ሌሊት ግቢውን ይዞራል። ስም ሳይጠቅሱ መጻፍ ደግሞ የባሰ ነው።

5. አጀንዳ አስይዙ፣ ቁርጥ ያለ ሐሳብ አቅርቡ

"ወደ እሴታችን እንመለስ" ተብሎ ድምፅ አይሰጥም። የእኔ ሁለተኛ ሐሳብ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነበር። ለቅዳሜ ጥናት 1,200 ዶላር ይመደብ፤ በወር አንድ ጊዜ አርብ ማታ ዝግጅት አይኑር፤ አዲስ ገቢዎችን የምንጋብዝበት አንዱ ቀን ይኸው ቅዳሜ ይሁን። የመጨረሻዋ ለማህበራዊ ኃላፊው ጭንቀት መልስ ናት። በ24 ድምፅ አለፈ። ቃለ ጉባኤው ላይ መጻፉን አረጋግጡ፣ ያልተጻፈ ውሳኔ በሚቀጥለው ምርጫ ይጠፋል። ደንብ ማሻሻል ከሆነ ብዙ ቦታ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፣ ቀድማችሁ ቁጠሩ።

6. ምሳ ተጋብዞ የማይጠበቅበት ጉዳይ

ከላይ የጻፍኩት ትዕግሥት ሁሉ ለበጀትና ለካላንደር ነው። የሰው አካልና ሕይወት ሲነካ አይሠራም። ሄዚንግ፣ ማለትም አዲስ ገቢን ማንገላታት፣ ማስጠጣት፣ ማዋረድ ካያችሁ ያኔውኑ ለዩኒቨርሲቲው አመልክቱ። በየካቲት 2017 ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንድ የ19 ዓመት ልጅ በፍራተርኒቲው ቤት ብዙ እንዲጠጣ ተደርጎ ከደረጃ ወደቀ። አምቡላንስ እስኪጠራለት 12 ሰዓት ገደማ አለፈ፣ ሞተ። ቤቱ ውስጥ ብዙ ሰው ነበር። ይህን ሳነብ የማስበው ዝም ያሉትን ነው፤ አብዛኞቹ ጥሩ ልጆች ይሆናሉ።

አንድ ሰው ጠጥቶ ስትቀሰቅሱት ካልነቃ በጎኑ አስተኙት፣ 911 ደውሉ፣ ብቻውን አትተዉት። "ይተኛ ይሻለዋል" የሚል ካለ አትስሙት። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለሕክምና የደወለን ተማሪ በመጠጥ ጥፋት አይቀጡም፤ የእናንተ ግቢ ምን እንደሚል ዛሬ አንብቡ። በታኅሣሥ 2024 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ኮሌጆች የሄዚንግ ጥፋቶችን ቆጥረው በይፋ እንዲያወጡ ያስገድዳል፣ ስለዚህ "በውስጥ እንጨርሰው" የሚለው መንገድ ጠብቧል። ለወላጆች፦ ልጃችሁ ማህበር ከመግባቱ በፊት ይህን ሪፖርት ከዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ፈልጋችሁ አንብቡት።

እኔ ስለዚያ ሴሚስተር ሌሊቶች ለዩኒቨርሲቲው ያመለከትኩት ዘግይቼ ነው። ምርመራ ተደረገ፣ ሌሊቱም ቆመ። ሁለት የምወዳቸው ወንድሞቼ ከዚያ ቀን ጀምሮ አያናግሩኝም።

7. ኃላፊነት ውሰዱ፣ ካልሆነ በሥርዓት ውጡ

መቆየት ከፈለጋችሁ ገንዘብ ያዥ ሁኑ። ማንም የማይሻማበት ሥራ ነው፣ በጀቱን የሚያረቅቀው ግን እሱ ነው። የቀድሞ አባላትንም አማክሩ። አንዳንዶቹ ከእናንተ በፊት ይህንኑ ጉዳይ ታግለውበታል።

መውጣት ካለባችሁ ደግሞ፣ ማለትም ከመጀመሪያው ዝርዝር አንዱን መስመር በየሳምንቱ እየጣሳችሁ ከሆነ፣ ቀሪ መዋጮ ክፈሉ፣ ቁልፍ መልሱ፣ በእጃችሁ ያለውን ሒሳብ በፊርማ አስረክቡ። ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን፣ የማንም ስም አይጠቀስበት። ስልክ ቁጥር አታጥፉ።

ቅዳሜ ጠዋትን ግን ማህበሩ ቢተወውም እናንተ ቀጥሉበት። ትምህርት ቤቱ የሚፈልገው አስጠኚ ነው፣ የግሪክ ፊደል አይጠይቅም። እኔ ከተመረቅሁ በኋላም ሁለት ዓመት ሄጃለሁ። በሁለተኛው ዓመት፣ ያ የማህበራዊ ዝግጅት ኃላፊ የነበረው ልጅ አንድ ቅዳሜ ደውሎ "ዛሬ ስንት ሰዓት ነው?" አለኝ፣ መጣም።