የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል ስትመርጡ ካሜራውን ቁጠሩ

ጋዜጠኝነት የሚለመደው በመሥራት ነው። ስለዚህ የትኛውንም ትምህርት ክፍል የምትመዝኑበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ተማሪው እስኪመረቅ ስንት ዘገባ ይሠራል፣ ስንቱስ በአርታዒ እጅ ታርሞ ለአድማጭ ይደርሳል?

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባውን የሚሠራው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ትምህርት ክፍል የምትመርጡት ግን ፍሬሽማን ጨርሳችሁ፣ በውጤት ተወዳድራችሁ ነው። ጋዜጠኝነት በሁሉም ዩኒቨርሲቲ ስለማይሰጥ ምርጫ ከመሙላታችሁ በፊት መኖሩን አረጋግጡ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ መግቢያ ፈተና አለው። የግል ኮሌጅ ከሆነ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያገኘውን ዕውቅና እዩ፤ የኮሌጁ ስም መኖሩ አይበቃም። ዕውቅናው ለዚያው የትምህርት መስክ፣ ለምትማሩበት ካምፓስ፣ ለመደበኛው ወይም ለማታው መሆን አለበት። እዚህ ላይ የተሳሳተ ተማሪ ችግሩን የሚያውቀው ዲግሪውን ሊያስረጋግጥ ሲሄድ ነው፤ ያኔ ጊዜውም ገንዘቡም አልቋል።

ከዚያ በሥራ ቀን ሄዳችሁ ስቱዲዮውን እዩ። ካሜራው ከነፕላስቲኩ ቆሞ ከሆነ ተማሪ አልነካውም ማለት ነው። የሚሠሩትን ብቻ ቁጠሩ። 40 ተማሪ በአምስት በአምስት ሲከፈል 8 ቡድን ይሆናል። 2 ካሜራ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ከወጣ፣ ለአንድ ቡድን የሚደርሰው በአራት ሳምንት አንዴ ነው። በ16 ሳምንት ሴሚስተር 4 ጊዜ መሆኑ ነው፤ በየተራ ቢይዙት እንኳ ከአምስቱ አንዱ ካሜራ ሳይጨብጥ ያልፋል። የማይክ ባትሪና ሚሞሪ ካርድ ማን እንደሚያቀርብ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ጋር እንዳለም ጠይቁ። ንብረት ያዡ ፈቃድ ሲወጣ ትምህርቱ የሚቆምበት ቦታ አለ።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጋችሁ መጨረሻ የተመለሰለትን የዜና ሥራ አሳየኝ በሉት። ወረቀቱ ላይ ከ10 8 የሚል ነጥብ ብቻ ካለ አስተማሪው አርታዒ አልሆነለትም። መግቢያው ተሰርዞ፣ ጠርዙ ላይ «ይህን ማን ነገረህ?» ተብሎ ከተጻፈ ግን ደህና ቦታ ናችሁ። እኛ ከሕንፃውም ከስሙም በላይ የምናምነው ይህን ወረቀት ነው።

የማኅበረሰብ ሬዲዮ ያለው ግቢ፣ ለምሳሌ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ጥሩ ዕድል ይሰጣል፤ ያም ቢሆን ተማሪ በሳምንት ስንት ሰዓት አየር ላይ እንደሚውል ጠይቁ። የኮርስ ዝርዝሩንም አንብቡ። የሕዝብ ግንኙነትና የንድፈ ሐሳብ ኮርሶች በዝተው ዘገባና አርትዖት አንድ ሁለት ብቻ ከሆኑ፣ የሚያዘጋጃችሁ ለኮሙኒኬሽን ቢሮ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ሥራው ደግሞ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ስለሆነ በምትሠሩበት ቋንቋ መጻፍ የሚያስተምር ኮርስ ፈልጉ።

ከ2015 ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና 50 በመቶ ማምጣት ግድ ነው። የተግባር ልምምዱ ጊዜ በፈተና ዝግጅት መዋጥ አለመዋጡን ከተመራቂዎች ስሙ።

በመጨረሻ በከተማው ወዳለ ሬዲዮ ጣቢያ ደውላችሁ አዘጋጁን አነጋግሩ፦ ከዚያ ትምህርት ክፍል ለልምምድ ከመጡት ውስጥ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻውን ዜና ይዞ የተመለሰ አለ?