ሞተር ሳይክል ዳገት ላይ ሲቆም በፎሌ አይተውም

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ እንደሚወጣው ባለ መንገድ ላይ ሞተር ሳይክል ለምታቆሙ። ሞተር ሳይክል እንደ መኪና የእጅ ፍሬን የለውም። ብዙዎቹ ላይ የጎን መቆሚያው የሚታጠፈው ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አድርጋችሁ በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳይገባ፣ ከተዋችሁት፣ አንድ ሰው ነካ ሲያደርገው ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ መቆሚያው እጥፍ፣ ሞተሩ መሬት።

መላው ቀላል ነው። የፊት ጎማውን ወደ ዳገቱ አዙሩ። አንደኛ ማርሽ አስገቡና አጥፉት። ከዚያ ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) ልቀቁ። አሁን ሳትወርዱ ፍሬኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁለት። ትንሽ ወደ ኋላ ሄድ ይልና ገጭ ብሎ ይይዛል። መቆሚያውን የምታወርዱት ያኔ ነው። ብዙ ሰው የሚዘላት ይህችን ነው፤ ማርሽ አስገብቶ ወዲያው ይወርዳል፣ ሞተር ሳይክሉ ደግሞ ጀርባውን ሲሰጠው ይንሸራተታል።

ለምን ይይዛል? ማርሽ ውስጥ ሲሆን የኋላ ጎማው ለመዞር በካቴናው በኩል ፒስተኑን መግፋት አለበት። ፒስተኑ ያመቀው አየር ያንን አያስችለውም። መሪውን ወደ ግራ አዙራችሁ ብትቆልፉት ደግሞ ከሌባም ይጠብቃችኋል።

ስትመለሱ ግን መጀመሪያ ፍሪሲዮን ያዙ፣ ወደ ፎሌ መልሱ። በተለይ በእግር የምታስነሱ ከሆነ፣ ማርሽ ውስጥ እንዳለ ብትረግጡት ዘሎ ይሄዳል።

ማርሽ የሌለው ስኩተር ላይ ይህ አይሠራም፤ ሲጠፋ የኋላ ጎማው ነፃ ነው። እሱን ሜዳ ፈልጉለት፣ ካልሆነም በመሃል መቆሚያው አቁሙትና የፍሬን እጀታውን በጎማ ቁራጭ እሰሩት።