ኮመዲኖ ከመግዛታችሁ በፊት መሳቢያውን አውጥታችሁ እዩ

ደብረ ብርሃን ላይ «ዋንዛ ነው፣ የእጅ ሥራ ነው» ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ሁሉ ዋንዛ አይደለም። የእንጨት መልክ ያለው ወረቀት የተለጠፈበት ቺፑድ (ተጨፍልቆ በማጣበቂያ የተያያዘ የእንጨት ፍቅፋቂ) ከቫርኒሽ ጋር ሲያብረቀርቅ ዓይን ያታልላል። ክብደቱም አይለየውም፣ ቺፑድም ከባድ ነው።

ዘዴው ይኸው። ከላይ የሚታየውን የእንጨት መስመር በጣታችሁ ተከትላችሁ እስከ ጠርዙ ሂዱ፣ ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ የተቆረጠውን ጫፍ እዩ። ሙሉ ጣውላ ከሆነ መስመሩ ጫፉ ላይ ካለው ቅስት ጋር ይገጥማል። መስመሩ የዛፉ የዕድገት ቀለበት ስለሆነ ጣውላውን ዘልቆ ያልፋል። ልጥፍ ከሆነ ግን ጠርዙ ላይ ቁርጥ ይላል፣ ወይም ጠርዙ ለብቻው በቀጭን ጥብጣብ ተሸፍኗል።

መሳቢያውንም ሙሉ በሙሉ አውጡት። ማዕዘኑ እንደ ተቆላለፉ ጣቶች ተጠርቦ ከተጋጠመ ባለሙያ ደክሞበታል። ጀርባው ላይ የተጨፈለቀ ፍቅፋቂ ካያችሁ ቺፑድ ነው፤ ውኃ ሲነካው ያብጣል፣ ብሎኑ አንዴ ከላላ መልሶ አይይዝም። ሙሉ ጣውላ ግን ቢጫጫር በመላጊያ ተልጎ እንደገና ቫርኒሽ ይቀባል። ጽድ ከሆነ ደግሞ አሽትቱት፤ የቆየ የጽድ ሳጥን እንኳ ሲከፈት ያ ደስ የሚል ሽታው አለ።

የመሳቢያው ወለልና የቁምሳጥኑ ጀርባ ኮምፔርሳቶ (ተደራርቦ የተጣበቀ ስስ እንጨት) ቢሆን ግን አትደንግጡ። ጥሩ አናጢም ይጠቀምበታል። ቀለም የተቀባ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ከላይ ምንም አይታይም፣ ገልብጣችሁ ሆዱን እዩ።