የሳይነስ ወራሪ ፈንገስን በምስል ሲመረምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሳይነስ ወራሪ ፈንገስ፣ ማለትም በአፍንጫ ዙሪያ ካሉት የአየር ክፍተቶች (ሳይነሶች) አልፎ ወደ አካባቢው ሥጋ የሚዘልቅ የፈንገስ በሽታ፣ በአብዛኛው የሚይዘው ስኳሩ ከቁጥጥር ውጭ የሆነበትን፣ ነጭ የደም ሴሎቹ በካንሰር ሕክምና የተመናመኑበትን ወይም የሰውነት አካል የተተከለለትን ሰው ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ዓይንና ወደ አንጎል ሊሻገር ስለሚችል፣ ምስሉን አሳስቶ ማንበብ ሕይወት ያስከፍላል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት አጥንት እስኪበላ መጠበቅ ነው። «አጥንቱ ደህና ነው፤ ተራ የሳይነስ ቁጣ ነው» የሚል ውጤት ሕመምተኛውን ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። በሽታውን የሚያመጡት ፈንገሶች፣ ሙኮርም ሆነ አስፐርጂለስ፣ ግን የደም ሥር ግድግዳን ዘልቆ፣ ሥሮቹ በሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች በኩል አጥንቱን ሳይነካ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ በሲቲ ስካን ላይ ቀድሞ መፈተሽ ያለበት ከጉንጭ ሳይነስ ፊትና ኋላ ያለው ስብ ነው። ጤነኛ ስብ ወጥ ሆኖ ይጠቁራል። በአንድ ወገን ብቻ ግራጫ ጭረት ከገባበት፣ ግድግዳው ምንም ያህል ሙሉ ቢሆን ጥርጣሬው ከፍ ማለት አለበት። ግራና ቀኙን ያስተያዩ። ምስሉን ለአጥንት በተስተካከለ መስኮት (የምስል ንጣትና ጥቁረት ቅንብር) ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን ጭረት ያልፈዋል።

ሲቲ ስካኑ ብዙም አላሳየም ብሎ መዝናናትም አደገኛ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚታየው የአፍንጫ ሽፋን በአንድ ወገን መወፈር ብቻ ሊሆን ይችላል። ጉንጩ የደነዘዘ ወይም እይታው የደበዘዘ ሕመምተኛ በጋዶሊኒየም (በደም ሥር በሚሰጥ የምስል ማድመቂያ) የታገዘ ኤምአርአይ ያስፈልገዋል። የሞተ ሥጋ ደም ስለማይደርሰው ማድመቂያውን አይቀበልም፤ በደመቀው ሽፋን መካከል ጠቁሮ ይቀራል። በእርግጥ በጤነኛ ሰውም የአፍንጫ ሥጋ ከፊሉ ዘግይቶ ሊደምቅ ስለሚችል፣ ጥቁረቱ ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ቲ2 በሚባለው የኤምአርአይ ምስል ዓይነት ደግሞ ፈንገሱ ራሱ ጠቁሮ አየር ሊመስል ይችላል። ከሲቲ ስካኑ ጋር ሳያመሳክሩ «ሳይነሱ ክፍት ነው» ብለው አይጻፉ።

በሲቲ ስካን ላይ የነጣ የፈንገስ ክምችት ሁሉ ወራሪ አይደለም። መከላከያው ጤናማ በሆነ ሰው ሳይነስ ውስጥ ታጭቆ የሚገኝ የፈንገስ ኳስ ሌላ በሽታ ነው።

ምስል የጉዳቱን ስፋት እንጂ የፈንገሱን ማንነት አይነግርም። ስለዚህ የኢንዶስኮፕ (በአፍንጫ የሚገባ ካሜራ) ምርመራና የሥጋ ናሙና ምስል እስኪነሳ ሊዘገዩ አይገባም። «የሳይነስ ቁጣ ይታያል» የሚል አንድ መስመር ለቀዶ ሐኪሙ አይረዳውም፤ የዓይን ጎድጓዳው ጫፍ፣ ካቨርነስ ሳይነስ (ከዓይን ጎድጓዳው ኋላ በራስ ቅል ውስጥ ያለ የደም መልስ ቋት)ና የአንገት ደም ቅዳው ተነክተው እንደሆነ በየስማቸው ይጻፉለት።