በክረምት ውሻዬ ምን ሆነ? ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ፣ ከምክንያቱ ወደ መፍትሄው

ሰኔ ሲያልቅ ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ ውሻ ያለው ሰው ሁሉ ሮሮው ይመሳሰላል። «ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያድራል።» «ልጄ ላይ አጉረመረመ።» «በሩን ገንጥሎ ሊወጣ ምንም አልቀረው።» በበጋ ጨዋ የነበረው ውሻ ክረምት ሲገባ ጸባዩ የተበላሸ ይመስላል።

እስኪ በዙሪያው የተለወጠውን እዩለት። ማደሪያው ረጥቧል። ሰማዩ ያጓራል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ቤት ውለዋል። ጾም ሲገባ ምግቡ ተቀይሯል። በዝናቡ ምክንያት መውጣት ቀርቷል። ይህ ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ ሲደርስበት ምን ያድርግ? ስለዚህ ዱላ ከማንሳታችን በፊት ምክንያቱን እንፈልግለት። የእናንተን ችግር የሚመስለውን ምልክት ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ።

ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል

መጀመሪያ የሚተኛበትን ቦታ በእጃችሁ ዳስሱት። ከረጠበ ምክንያቱን አገኛችሁት ማለት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የሐምሌና የነሐሴ ሌሊት ብርዱ አይቻልም። እርጥብ ጆንያ ላይ የተኛ ውሻ እንቅልፍ አይወስደውም። እንቅልፍ ካልወሰደው ደግሞ ኮሽ ባለ ቁጥር ይጮኻል። ግቢው ጠባብ ስለሆነ የውሻውን ቤት አጥሩ ጥግ፣ የጣሪያው ውኃ የሚወርድበት ቦታ ላይ እናስቀምጠዋለን። በክረምት የግቢው ውኃ ሁሉ የሚሄደው ወደዚያው ነው።

ማስተካከሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ቤቱን በብሎኬት፣ በድንጋይ ወይም በጣውላ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከመሬት ከፍ አድርጉት። በሩን ነፋስና ዝናብ ከሚመጣበት አቅጣጫ አዙሩት። ለምንጣፍ ከብርድ ልብስ ይልቅ ደረቅ ገለባ ይሻላል፤ ብርድ ልብስ ውኃውን መጥጦ ይይዛል። ገለባው እንደረጠበ ቀይሩት። ቤቱም ከልክ በላይ አይስፋ። ቆሞ ለመዞርና ተጠቅልሎ ለመተኛት ከበቃው በራሱ ትንፋሽ ይሞቃል።

ማደሪያው ደርቆም ጩኸቱ ካልቀረ ሰንሰለቱን እንይ። ቀን ታስሮ ማታ የሚፈታ ውሻ በሰፈሮቻችን የተለመደ ነው። እኔ ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የዋለ ውሻ ጉልበቱን የሚያወጣበት ስለሌለው ማታ በጩኸት ያወጣዋል። ሰንሰለት ጎበዝ ጠባቂ ያደርገዋል የሚሉ አሉ፤ የሚያደርገው ግን ፈሪና ተናካሽ ነው።

በቀን ግማሽ ሰዓት እንኳ አውጡት። የአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ መኪናው ሳይበዛ ውጡ። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ለዚህ ያመቻሉ። ማሰሪያውን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ፌስታል ይዛችሁ ውጡና የጣለውን አንሱ። ዝናቡ አላስወጣ ያለ ቀን የምግቡን ግማሽ አሮጌ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልላችሁ አሽትቶ እንዲፈልግ ስጡት። ፍለጋው ራሱ ያደክመዋል።

ነጎድጓድ ሲሰማ ይንቀጠቀጣል፣ በሩን ይቧጥጣል

የውሻ ጆሮ ከእኛ በብዙ ይበልጣል። እኛ ገና ደመናውን ስናይ እሱ ከሩቅ የሚመጣውን ይሰማል። በረዶ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ውስጥ ያለ ሰው እንኳ ጆሮውን ይይዛል። ለውሻ ይህ ድምፅ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አደጋ ነው። የሚያደርገው ሁሉ ከፍርሃት እንጂ ከእልከኝነት አይደለም።

መደበቂያ ስጡት። ከመስኮት የራቀ ጥግ፣ አልጋ ስር፣ ጠረጴዛ ስር፣ ራሱ የመረጠው ቦታ ይሁን። ሬዲዮ ወይም ቴሌቪዥን ክፈቱለት። አጠገቡ ብትቀመጡና ብታሻሹት ፍርሃቱን አታባብሱበትም፤ በዚህ ስጋት የሚከለክሏችሁን አትስሙ። ቁጣና ዱላ ግን ያባብሱታል። ውጭ የሚያድር ከሆነ የቤቱን ጣሪያ ከውስጥ በካርቶን ሸፍኑት፣ ድምፁ ይቀንሳል። ማዕበል ባለበት ሌሊት በረንዳ ወይም ኩሽና ብታስገቡት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

ፍርሃቱን ከሥሩ ለመቀነስ የበጋ ሥራ ያስፈልጋል። የነጎድጓድ ድምፅ በስልክ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ እያሰማችሁ የሚወደውን ምግብ ስጡት። ሳይረበሽ ሲበላ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። ከተረበሸ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ነሐሴ ላይ ሌላ ድምፅ ይመጣል። የቡሄ ጅራፍ፣ ርችት፣ ከዚያም በር ላይ ዱላቸውን መሬት እየመቱ «ሆያ ሆዬ» የሚሉ ልጆች። ለውሻው ዱላ የያዙ የማያውቃቸው ሰዎች በሩን ከበቡት ማለት ነው። ብዙ ንክሻ የሚደርሰው እንዲህ ባለ ሰዓት በሩ ገርበብ ሲል ነው። ነሐሴ 12 እና 13 ከመምሸቱ በፊት ውሻውን ክፍል ውስጥ አስገቡት፤ ለልጆቹ በሩን የምትከፍቱት ከዚያ በኋላ ይሁን። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማና ለደመራም እንደዚያው። ደንግጦ አጥር ዘልሎ የሚጠፋ ውሻ ብዙ ስለሆነ የአንገት ማሰሪያው ላይ ስልክ ቁጥራችሁን በማይለቅ ቀለም ጻፉበት።

ልጆች ላይ ያጉረመርማል

ማጉረምረም «በቃኝ» ማለቱ ነው። ስላጉረመረመ የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ስለዚህ ድምፁን አትቅጡት፣ ልጁን አርቁትና ምን እየተደረገ እንደነበር ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ እየበላ ሳለ ሳህኑ ተነክቷል፣ ተኝቶ ሳለ ተቀስቅሷል፣ ወይም ጭራው ተጎትቷል። ከዚህ በፊት ተነክቶ ዝም ይል የነበረ ከሆነ ደግሞ የሚያመው ነገር ሊኖር ስለሚችል ጆሮውን፣ ጥርሱንና መዳፉን ለሐኪም አሳዩ።

ለቤቱ ልጆች ጥቂት ሕግ ይበቃል። ሲበላና ሲተኛ አይነካም። አይታቀፍም፣ ፊት ለፊት ፊቱ ላይ አይጎነበስም። እንደ ፈረስ አይጋለብም። ከልጆቹ የሚያመልጥበት፣ እነሱ የማይገቡበት ጥግ ይኑረው። ትንንሽ ልጆችን ምንም ያህል ጨዋ ቢሆን ብቻቸውን ከውሻ ጋር አትተዉ።

ያስቀምጠዋል፣ ያስመልሰዋል

እዚህ ላይ ቀን መቁጠሪያውን ተመልከቱ። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። በጾም ቤት ውስጥ ለውሻው የሚተርፈው እንጀራና ሽሮ ብቻ ይሆናል። ነሐሴ 16 ሲፈታ ደግሞ ቅባትና አጥንት በአንድ ቀን ይወርድበታል። ሆዱ ይህን አይችለውም። ቅባት የበዛበት ምግብ ቆሽቱን አቃጥሎ ክፉኛ ሊያሳምመው ይችላል።

ውሻ ጾም የለበትም። በጾሙም ጊዜ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ለብቻው የተቀቀለ ሥጋ ይሰጠው። ከልኳንዳ ሳንባና ጉበት የምትገዙለት ከሆነ በደንብ ይቀቀል። ጥሬ የሆድ ዕቃ ውስጥ ያለ ትል ወደ ውሻው ይገባል፤ በውሻው እዳሪ ደግሞ ወደ ሰው ተላልፎ ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ያወጣል። የትል መድኃኒት በየሦስት ወሩ ስጡት። የምግብ ለውጥ ካለም በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እየደባለቃችሁ ይሁን።

ወጥ ለውሻ አትስጡ። ይህን የምለው በርበሬውን ብቻ ፈርቼ አይደለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይሰብራል። ምልክቱ ከቀናት በኋላ ስለሚመጣ ሰው ከወጡ ጋር አያገናኘውም። የዶሮ ወጥ ደግሞ ሽንኩርቱም አጥንቱም አለበት፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እየሾለ አንጀት ይወጋል። ዘቢብና ቸኮሌትም የተከለከሉ ናቸው።

ያስመለሰው ወይም ያስቀመጠው ትልቅ ውሻ ከሆነና እየተጫወተ ከሆነ ለአንድ ቀን የተቀቀለ ሩዝና ጨው የሌለው ቀይ ሥጋ ስጡት፤ ንጹሕ ውኃ አይጉደል። ደም ካለው፣ ከአንድ ቀን ካለፈ ወይም ከደከመ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ያልተከተበ ቡችላ ካስመለሰውና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከያዘው ግን አንድ ሌሊት እንኳ አትጠብቁ። ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ቡችላን በጥቂት ቀናት ይገድላል። ክትባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ፣ አራት ወር እስኪሞላው ይሰጣል።

እያከከ ቆዳው ተላጠ

ጸጉሩን ገልጣችሁ እዩ። ጥቁር ፍርፋሪ ካያችሁ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጉት። ቀይ ከሆነ የቁንጫ እዳሪ ነው። ጆሮ ውስጥና በጣቶቹ መካከል መዥገር ፈልጉ። የቁንጫ እንቁላልና እጭ በብዛት የሚገኘው ውሻው ላይ ሳይሆን በምንጣፉና በወለሉ ላይ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ለውሻው ሲደረግ ምንጣፉ በፈላ ውኃ ይታጠብ፣ ገለባው ይቃጠል፣ ቤቱ ይጠረግ፤ ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር ሁሉም ይሰጣ።

የማይደረገውን አጥብቄ ልናገር። ዲያዚኖን የሚባለውን የተባይ መርዝ አታፍስሱበት። ነጭ ጋዝና የተቃጠለ ዘይት አትቀቡት፤ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ሲልሰው ይመርዘዋል። ለከብት የተዘጋጀውን አይቨርሜክቲን የሚባል የትልና የተባይ መድኃኒት በግምት አታስወጉት። መጠኑ ካለፈ ያንቀጠቅጣል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። እንደ ኮሊ ያሉ ዝርያዎች ደግሞ በትንሹም ይጎዳሉ። ውሻውን መዝኖ ለክብደቱ የሚሆነውን የሚያዝዝ የእንስሳት ሐኪም ይሻላል።

ደክሟል፣ ድዱ ነጥቷል ወይም ዓይኑ ቢጫ ሆኗል

ይህ የቤት ሕክምና የለውም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ክረምት ሲገባ አይጥ ወደ ቤት ይገባል፣ እኛም መርዝ እናስቀምጣለን። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መርዝ ምልክቱ ከቀናት በኋላ ነው የሚታየው፤ ሲበላ ካያችሁት ደህና ቢመስልም ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ። ዓይኑ ቢጫ ከሆነና ትኩሳት ካለው በአይጥ ሽንት የተበከለ ውኃ ጠጥቶ ሊሆን ይችላል። ሌፕቶስፓይሮሲስ ይባላል፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ሽንቱን ያለጓንት አትንኩ። ኩሬና የፈነዳ ቱቦ ውኃ እንዳይጠጣ ከመውጣታችሁ በፊት አጠጡት።

አፉን አይዘጋም፣ ለሃጩ ይዝረበረባል

አጥንት አንቆት መስሏችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አታስገቡ። መንጋጋው ወርዶ፣ ለሃጩ እየፈሰሰ፣ መዋጥ አቅቶት፣ ድምፁ ተለውጦ፣ እየተንገዳገደ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ቁጡ የነበረው በድንገት ለማዳ፣ ለማዳው በድንገት ቁጡ መሆኑም ምልክት ነው። በር ዘግታችሁበት ሰው አርቁና የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ውሻ የነከሰው ሰው፣ ምልክት ያለውም ይሁን የሌለው ውሻ ቢሆን፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቅጠልና አረቄ ጊዜ ያባክናሉ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ይህን በሽታ የሚያድን መድኃኒት የለም፣ በጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። የነከሰውን ውሻ ቸኩላችሁ አትግደሉት፤ አስራችሁ ለ10 ቀን ይታይ። ደህና ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ሰዉ ዛሬም «ፓስተር» የሚለው ጉለሌ ያለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የዚህን በሽታ ምርመራ ለረጅም ዘመን ሲሠራ የኖረ ተቋም ነው። የእናንተ ውሻ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገም። ወረቀቱን አትጣሉ።

መስከረም ላይ ጫማ ይበላል፣ ብቻውን ሲሆን ያላዝናል

ሁለት ወር ሙሉ ልጆች አጠገቡ ውለው በአንድ ጠዋት ሁሉም ዩኒፎርም ለብሰው ሄዱ። ጫማውን የሚያኝከው የእነሱ ጠረን ስላለበት ነው። ማታ መጥታችሁ ብትቀጡት ጠዋት ካደረገው ጋር አያገናኘውም።

ልምምዱን ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሩ። አንድ ቀን አምስት ደቂቃ፣ በሌላው ቀን ሩብ ሰዓት፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ብቻውን ተዉት። ስትወጡም ስትገቡም ግርግር አታብዙ። ትምህርት በሚከፈትበት ቀን ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት አንዱ ሽንት ያሸናው፣ ትንሽ ያስሩጠው። ጫማው ቁም ሳጥን ውስጥ ይግባ፣ ለእሱም የሚያኝከው ገመድ ይቀመጥለት።