ደብረ ብርሃን ላይ ቢራ መጥመቅ፦ ምድጃውንና ፓምፑን ለከፍታው ማዘጋጀት

ለሰሜን ሸዋ ደጋ መጥመቅ አዲስ ነገር አይደለም። ገብሱ ከደጃችን ነው፣ ብቅሉን እናቶቻችን ያውቁበታል፣ ቢራ ፋብሪካውም ብቅል ፋብሪካውም ደብረ ብርሃን ላይ አለ። እና ቤቴ ቢራ ልጥመቅ የሚል ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል። ችግሩ፣ ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው መመሪያ አብዛኛው ቆላ ላይ ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው። እኛ ያለነው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይቺ ዘጠኝ ዲግሪ እሳቱንም፣ ፓምፑንም፣ የማፍያ ሰዓቱንም ትለውጣለች።

ለ20 ሊትር ቢራ ሦስት ድስት ይበቃችኋል። አንዱ ለሙቅ ውሃ፣ አንዱ ብቅሉ ለሚዘፈዘፍበት፣ አንዱ ለማፍያ። የማፍያው 40 ሊትር ቢይዝ ጥሩ ነው፣ ገንፍሎ እሳቱን እንዳያጠፋባችሁ። ድስቶቹ ስቴይንለስ ወይም አልሙኒየም ይሁኑ። ዚንክ የተቀባ በርሜል አይሆንም፣ የብቅሉ ጭማቂ ኮምጠጥ ስለሚል ዚንኩን ያሟሟዋል። ኬሚካል ወይም ዘይት የነበረበት በርሜልማ በጭራሽ። ለብቅሉ ድስት ከታች ወንፊት ያለው ድርብ ወለል አሠሩለት። መቆሚያውን በያጅ ዘንድ ወስዳችሁ ከወፍራም ብረት አስበይዱ፣ ቁመቱ ከጉልበት ብዙ አይለፍ። የፈላ ድስት ተሸክሞ ማንሳት የለም። ፓምፕ የምንገዛውም ለዚሁ ነው።

ምድጃ ሁለት ይበቃል፣ አንዱ ለውሃው፣ አንዱ ለማፍያው። የብቅሉን ድስት በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፣ እሳት አያስፈልገውም። ትልቅ ምድጃ ስትገዙ ሬጉሌተሩ ለእሱ የሚሆን መሆኑን ጠይቁ። የወጥ ቤት ቡታጋዝ ሬጉሌተር ለትልቅ ምድጃ አቅም አይኖረውም። ጎማውን በፋሸታ እሰሩት፣ ከዚያ መጋጠሚያውን ሁሉ በሳሙና አረፋ ቀቡትና ጋዙን ክፈቱ። አረፋ ከነፋ ይሾልካል ማለት ነው፣ ሳታስተካክሉ ክብሪት እንዳትጭሩ። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ከእሳቱም ራቅ ይበል።

አሁን ወደ ነበልባሉ። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ጋዙ የሚበቃውን ኦክስጅን አያገኝም። ቆላ ላይ ሰማያዊ የሆነው ምድጃ እዚህ ጫፉ ቢጫ ይሆናል፣ የድስቱ ቂጥ ጥላሸት ይይዛል። መጀመሪያ የምድጃውን አየር ማስገቢያ ሙሉ ክፈቱ። አሁንም ቢጫ ከሆነ ጋዝ የሚተፋው ቀዳዳ ሰፊ ነው፣ በጠባብ አስቀይሩት። ይህን ችላ አትበሉ። ቢጫ ነበልባል ጋዝ ማባከን ብቻ ሳይሆን ከሰል ቤት ውስጥ የሚያመጣውን ያንኑ መርዝ ያወጣል። ስለዚህ ውጭ ወይም በር በሌለው ሼድ ሥሩ፣ ብርድ ነው ብላችሁ በር ዘግታችሁ አይሆንም። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲኖር ደግሞ ሲሊንደሩ ራሱ ይቀዘቅዝና ግፊቱ ይወርዳል፣ እሳቱ እየደከመ ይሄዳል። ፀሐይ ወጥቶ ከሞቀ በኋላ ጀምሩ፣ ካልሆነም ሲሊንደሩን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁሙት። በእሳት ማሞቅ ግን ሞት ነው።

ፓምፑ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፣ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ለምግብ የተሠራና የፈላ ውሃ የሚችል በማግኔት የሚዞር ፓምፕ ነው። የግቢ ውሃ የሚስበው ዓይነት አይሆንም። ይህ ፓምፕ ራሱ አይስብም፣ ስለዚህ ከሁሉም ድስት በታች አስቀምጡት፣ ጭማቂው በራሱ ወርዶ ይሙላው፣ ከዚያ ነው የሚበራው። ባዶውን ካዞራችሁት ይቃጠላል። ፍጥነቱን መቀነስ ስትፈልጉ በመውጫው በኩል ያለውን ቫልቭ አጥብቡ፣ በመግቢያው በኩል ያለው ሁሌም ሙሉ ክፍት ይሁን። ምክንያቱ ከፍታችን ነው። ለመፍላት የቀረበ ጭማቂ ፓምፑ ሲስበው ግፊቱ ትንሽ ይወርድና እዚያው ውስጥ ይፈላል፣ ፓምፑ በእንፋሎት ይሞላል፣ ጎማው ውስጥ አረፋ ይታያል፣ ድምፁም ጠጠር የሚፈጭ ይመስላል። ያን ስትሰሙ ወዲያው አጥፉ። ከማፍያው ድስት ለመሳብ እሳቱን አጥፍታችሁ ከ85 በታች እስኪወርድ ጠብቁ። የመግቢያው ጎማ አጭርና ሰፊ ይሁን። ኤሌክትሪኩ ውሃ ከሚንጠባጠብበት ይራቅ። መብራት መሃል ላይ መጥፋቱ ደግሞ አይቀርምና የብቅሉን ድስት ከማፍያው ከፍ አድርጋችሁ ብትሠሩ ፓምፑ ቢቆም እንኳ ጭማቂው በራሱ ይወርዳል።

የጥመቃው ቀን እንዲህ ነው። 5 ኪሎ ብቅል ወፍጮ ቤት ወስዳችሁ ሽርክት አስደርጉት፣ እንዳያልሙት። ዱቄት ከሆነ ወንፊቱን ይደፍነዋል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ስትጎረጉሩ ትውላላችሁ። 15 ሊትር ውሃ 73 ዲግሪ አድርሳችሁ ብቅሉን ጨምሩበት፣ ሲዋሃድ 66 አካባቢ ይሆናል። አንድ ሰዓት ይቆይ። ከዚያ ከታች የሚወርደውን ጭማቂ በፓምፑ ቀስ አድርጋችሁ መልሱበት፣ እስኪጠራ ድረስ። በጉልበት ከሳባችሁት ብቅሉ ይታመቅና አልወርድም ይላል። ሲጠራ ወደ ማፍያው ይሂድ፣ ከላይ 17 ሊትር ያህል 75 ዲግሪ የሆነ ውሃ እያርከፈከፋችሁ እጠቡት።

ማፍላቱ 90 ደቂቃ ይሁን፣ 60 አይበቃም። በ91 ዲግሪ የሆፕ (ቢራውን መራራ የሚያደርገው አበባ) ምሬት ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ፀሐይ ላይ የደረቀ የቤት ብቅል ከሆነ ደግሞ የተቀቀለ ጎመን የሚሸት ነገር አለው፣ የሚወጣው በእንፋሎት ነው። ክዳን አትክደኑ። ሆፕ ካላገኛችሁ ጌሾ አለ፣ ግን በትንሹ ጀምሩና እየቀመሳችሁ ጨምሩ።

ለማቀዝቀዝ የመዳብ ቱቦ ጠምዝዛችሁ ድስቱ ውስጥ አስገቡና ቀዝቃዛ ውሃ በውስጡ አሳልፉ። የእኛ ውሃ በዚህ በኩል በረከት ነው። የሚወጣውን ሙቅ ውሃ አትድፉት፣ ለእጥበት ይሆናል። 20 ዲግሪ ሲደርስ ንጹሕ መያዣ ውስጥ ገልብጣችሁ እርሾውን ጨምሩ። ክዳኑ አየር ማስወጫ ይኑረው። ሌሊቱ ስለሚበርድ የመንዝ ባና ደርቡበት፣ በጣም ከቀዘቀዘ እርሾው ይተኛል። ሸዋ ሮቢት ላላችሁ ነገሩ ተቃራኒ ነው፣ እናንተ ጥላና እርጥብ ጨርቅ ፈልጉ።

እጥበቱን ለነገ አታሳድሩ። በፓምፑና በጎማዎቹ ሙቅ ውሃ አዙሩ፣ የፓምፑን ጭንቅላት ፈትታችሁ እዩት፣ ገለባ ይደበቅበታል። ለእንስራ ግራዋ የሚያህል የለም፣ ፓምፕ ውስጥ ግን ቅጠሉ ይሰነቀራል። በረኪና ደግሞ ስቴይንለሱን ይበላዋል። የተረፈውን ብቅል ላም ላለው ጎረቤት በዚያው ቀን ስጡ፣ ካደረ ይኮመጥጣል።