ጥሬ ዓሳ ላይ ሳልሞኔላን (ሰው የሚያሳምም ባክቴሪያ ነው) በላብራቶሪ እንዴት ነው የምንፈልገው

ለፕራክቲካል የምትዘጋጁ ልጆች ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ነው፣ እዚሁ ሀዋሳ አሞራ ገደል ጥሬውን በሚበላው ቆሮሶ ዓሳ ላስረዳችሁ። ሎሚና ሚጥሚጣ ባክቴሪያውን ይገለዋል የሚባለውን ግን አትመኑ።

ሳምፕሉን ንጹህ ስቴራይል ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ በአይስ ቦክስ ቶሎ ላብራቶሪ አድርሱት። ከዛ 25 ግራም መዝናችሁ 225 ሚሊ ሊትር በፈርድ ፔፕቶን ዋተር (ባክቴሪያው የሚያገግምበት ፈሳሽ ምግብ) ውስጥ በደንብ አዋህዱትና 37 ዲግሪ ላይ ለ18 ሰዓት ያህል ይደር። ብዙ ሰው ሲቸኩል የሚዘላት ይቺን የማገገሚያ ደረጃ ነው፣ እባካችሁ አትዝለሏት፣ ምክንያቱም ባክቴሪያው በበረዶ ምናምን ተጎድቶ ነው የሚመጣው፣ ቁጥሩም ትንሽ ሊሆን ይችላል፣ ሳያገግም ቀጥታ ሌላውን ባክቴሪያ የሚያፍን ጠንካራ ሚዲያ (ማሳደጊያ ምግብ) ውስጥ ከከተታችሁት ይሞትና "የለም" ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ሰውየው ግን ዓሳውን በልቶ ይታመማል።

በነጋታው ከሱ 0.1 ሚሊ ሊትር ወደ 10 ሚሊ ሊትር ራፓፖርት ብሮዝ (ፈሳሽ ሚዲያ)፣ 41.5 ዲግሪ፣ 24 ሰዓት። ሌላ 1 ሚሊ ሊትር ደግሞ ወደ 10 ሚሊ ሊትር ቴትራታዮኔት ብሮዝ፣ እሱ 37 ዲግሪ ላይ። ሁለቱም ሌላውን ባክቴሪያ እያፈኑ ለሳልሞኔላ ቦታ ይለቁለታል። መሃል ላይ መብራት ሄዶ ኢንኩቤተሩ (ሙቀቱን የሚጠብቀው ሳጥን) ከቀዘቀዘ በግምት አትቀጥሉ፣ ከአዲስ ጀምሩ።

ቀጥሎ ከሁለቱም በሉፕ (ጫፉ ቀለበት የሆነ ቀጭን ሽቦ) እየወሰዳችሁ ኤክስኤልዲ አጋር (ፕሌት ላይ የረጋ ሚዲያ) ላይ ዘርጉ። ይሄን ሚዲያ ስታዘጋጁ ማፍላት ብቻ ነው፣ አውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት የሚያመክን ማሽን) ከገባ ይበላሻል። 37 ዲግሪ 24 ሰዓት ቆይቶ መሃሉ ጥቁር የሆነ ቀይ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምር ነጥብ) ካያችሁ ተጠርጣሪ ነው፣ ጥቁሩ ከሚያወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የመጣ ነው። ተጠርጣሪ አልኩ እንጂ ሳልሞኔላ ነው አላልኩም፣ ፕሮቲየስ የሚባለው ሌላ ባክቴሪያም አንዳንዴ እንደዛ ይመስላል። ስለዚህ ኮሎኒውን ኑትሪየንት አጋር ላይ ለብቻው አሳድጉትና ዩሪያ ያለበት ሚዲያ ላይ ሞክሩት፣ ፕሮቲየስ ሮዝ ያደርገዋል፣ ሳልሞኔላ ግን አይቀይረውም። ቲኤስአይ (ሦስት ስኳርና ብረት ያለበት በቱቦ የረጋ ሚዲያ) ላይ ደግሞ ላዩ ቀይ ታቹ ቢጫ ሆኖ ካጠቆረ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከዛ አንቲሴረም (ሳልሞኔላን የሚያረጋ ፀረ-አካል ያለበት ፈሳሽ) ጨምራችሁ መርጋቱን እዩ፣ ጎን ለጎን በሳላይን (የጨው ውሃ) ብቻም ሞክሩ፣ በሳላይኑም ከረጋ ውጤቱ አይታመንም።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የታወቀ ሳልሞኔላ ያለበት አንድ፣ ምንም የሌለበት አንድ ኮንትሮል (ማመሳከሪያ ናሙና) አብረው ይሂዱ። ሪፖርቱ ላይ ቁጥር የለም፣ "በ25 ግራም ውስጥ ተገኝቷል" ወይ "አልተገኘም" ብቻ ነው የሚጻፈው። ፕሌቶቹን ደግሞ 121 ዲግሪ አውቶክሌቭ ሳታደርጉ ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥሉ።